የሊትር ሚስትና የሱቁ ሚዛን

ልብስ ሰፊዋ ባሏ እስኪሞት ድረስ አንድ ኪሎ ስኳር በእጇ ገዝታ አታውቅም ነበር። ይህን ስትናገር የሚያምናት የለም። ዕድሜዋን በትዳር የኖረች፣ ልጅ ወልዳ አሳድጋ የዳረች ሴት የሽንኩርት ዋጋ አታውቅም ቢሉት ማን ይቀበላል? ግን እውነት ነው። የቤቱ አስቤዛ የባሏ ሥራ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ነውና ከመንገድ በገባ ቁጥር መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል፤ ቀጥሎ የጓዳውን ጣሳዎች እየከፈተ ምን እንዳለቀ ያያል፤ ከዚያ ወጥቶ ተሸክሞ ይመለሳል። ለሚቀጥለው መንገድ ሲነሳ ቤቱ ሞልቶ ነው።

"ከቤት እንዳትወጪ ብዬ አይደለም፤ እንዳያሞኙሽ ብዬ ነው" ይላት ነበር።

እሷም አልከፋትም። መስኮቱ ሥር የስፌት ማሽኗ አለች። የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም ይከመርላታል። ባሏ ሲሄድ ማሽኗን እያስጮኸች ትጠብቀዋለች፤ ሲመጣም ማሽኗን እያስጮኸች ትቀበለዋለች። ኑሯቸው ይኸው ነበር።

ባሏን ማንም በስሙ አይጠራውም። "ሊትር" ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የነዳጅ ማደያ ሠራተኞች ናቸው፤ እሷም በዚያው የሊትር ሚስት ሆና ቀረች።

እንዴት እንደወጣለት ግን በዓይኗ አይታለች። እንደተጋቡ ሰሞን አንድ ጊዜ ከጎኑ አስቀምጦ መንገድ ወስዷት ነበር። ማደያ ገብተው ሲቆሙ ቀጂው የመቅጃውን ጎማ እየጎተተ መጣ።

"የስንት ልቅዳ?"

ባሏ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ዞሮ ከማሽኑ ፊት ለፊት ቆመ።

"ቁጥሩ ዜሮ አይደለም" አለው።

"ካለፈው ሰው የቀረች ናት። ምንም አትል።"

"ያለፈው ሰው የቀዳውን ያለፈው ሰው ይክፈል። መልሰው።"

ቀጂው እያጉረመረመ መለሰው። ባሏ ከወንበሩ ኋላ አንድ ቢጫ ጀሪካን አወጣ። አንገቱ አካባቢ በጋለ ብረት የተተኮሰ መስመር አለበት። በሚያምነው መስፈሪያ ራሱ ለክቶ ያወጣው የሃያ ሊትር ምልክት ነው።

"መጀመሪያ እዚህ ውስጥ ሃያ ሊትር። በገንዘብ አልጠይቅህም፣ በሊትር ነው።"

ናፍጣው ሲወርድ ቀጂው ወሬ ጀመረ። መንገዱ እንዴት ነው፣ ድልድዩ ተሠራ ወይ፣ ይቺ ሙሽራ ናት ወይ። ባሏ ዓይኑን ከቁጥሩ ሳይነቅል "ስንጨርስ እናወራለን" አለው። ማሽኑ ሃያ ብሎ ቆመ። ናፍጣው ግን ከመስመሩ አንድ ጣት ወርዶ ቀርቷል።

ባሏ አልጮኸም። ጀሪካኑን አንጠልጥሎ የማደያው ኃላፊ በር ላይ አስቀመጠና "ማሽንህ ሃያ ነው ይላል፤ ጀሪካኔ ግን አልሰማም። ሊትሬ የት ሄደ?" ብሎ ጠየቀ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች በሳቅ ፈረሱ። ኃላፊው ፊቱ እየቀላ የጎደለውን አስጨመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ መስመር ላይ ያለ ቀጂ ሁሉ መኪናውን ገና ከሩቅ ሲያይ "ሊትር መጣ" ይባባል ጀመር።

ጉዞ ሲቀጥሉ ያስተምራት ነበር። "አስተውይ፤ ሌባ የሚይዘው እጅሽን አይደለም፣ ዓይንሽን ነው። ወሬ ሲያመጣልሽ ቁጥሩን እዪ። ሚዛንም ያው ነው። ባዶውን ዜሮ ላይ ይቁም፤ ሳህኑ ላይ የሰው እጅ አይረፍ፤ ፊቱ ወዳንቺ ይዙር። ከተጠራጠርሽ ልኩን የምታውቂውን ነገር አምጥተሽ አስቀምጪበት። ልኩን የምታውቂው ነገር ካለሽ ማንም አያታልልሽም።"

እሷ ግን በመስኮቱ ኮረብታውን እያየች፣ መኪናው እሹሩሩ እያላት፣ አንቀላፍታ ነበር።

ዓመታት ሄዱና ወገቡ እምቢ አለው። መሪውን አስረክቦ ለመቶ ዓመት ያህል የራቃት ሰው መስሎ እቤት ገባ። ሁለቱም አብሮ መዋልን አያውቁበትም። እሱ ሥራዋ አጠገብ በርጩማ ስቦ ይቀመጥና አንድ ነገር ያነሳል፤ የመንገድ ጨዋታ፣ የድሮ ረዳቱን ነገር። እሷ አፏ ውስጥ እስፒል ደርድራ ልብስ እየለካች ነው። "እም" ትለዋለች። ማሽኗን ስትረግጣት ድምፁ ይዋጣል። ወሬውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ስታቆም ካቋረጠበት ይቀጥላል፤ እሷ ደግሞ ትረግጣለች። ጥቂት እንዲህ ከሰነበቱ በኋላ ከምሳ በኋላ መውጣት ጀመረ። ማዕዘኑ ላይ ካለው ሱቅ በር ወንበር ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ከባለሱቁ ጋር ሲጫወት ይውልና ለእራት ይመለሳል። ሲመለስም የቤቱን አስቤዛ እንደ ልማዱ ይዞ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እሷ እፎይ አለች። ዩኒፎርሙ ቶሎ ቶሎ አለቀላት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ደረቱን ይዞ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሐኪም ቤት በእግሩ ገባ፤ በእግሩ ግን አልወጣም።

ለቅሶ ቤት እንደ ክረምት ወንዝ ነው። ሲሞላ መሻገሪያ አይገኝም፤ ሲጎድል ድንጋዩ ብቻ አግጥጦ ይቀራል። ሰው መጣ፣ አለቀሰ፣ አጽናና፣ ሄደ። ሌላ ከተማ ያገባችው ልጇ ከሁሉ ዘግይታ ሄደች። "እማዬ፣ እኔ ጋ ነይ" ብላ ለመነቻት። ልብስ ሰፊዋ ግን ደንበኞቼን ለማን ጥዬ አለች። ደንበኞቿ ደግሞ እየሳሱ ነበር፤ ዛሬ የተሰፋ ልብስ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ዚፕ ከሚቀየር ሱሪው ቢጣል ይረክሳል።

ጣሳዎቹ አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ። ስኳሩ ሲያልቅ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ባለሱቁ ሲያያት ከባንኮኒው ኋላ ዞሮ ወጣ። ከእሷ ትንሽ የሚያንስ፣ ሆዱ የወጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚፈልግ ሰው ነው።

"እትዬ፣ እርስዎ ራስዎ መጡ? ቢልኩብኝ አመጣልዎት አልነበር? እኔ ወንድምዎ አለሁ።"

"ስኳር ፈልጌ ነበር" አለች። ቀጥሎ ምን እንደሚባል አታውቅም።

"ስንት ኪሎ?"

"ስንት ነው ሰው የሚወስደው?"

ባለሱቁ አልሳቀባትም። አንድ ኪሎ መዘነላት፤ ስለ ባሏ ደግ ደጉን እያነሳ፣ ስለ ልጇ እየጠየቀ፣ ከረጢቱን ቋጠረላት። ከቀብር ወዲህ ስለ ባሏ ያወራት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ ስሙን እንደ ትኩስ ድስት ይሸሸዋል። በሩ ላይ ያች ወንበር አለች፤ አልተቀመጠችባትም፤ ግን ስትወጣ በእጇ ዳሰሰቻት።

በማግስቱ ሽንኩርት ልትገዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ምስር። ቀስ በቀስ ብልሃቱ ገባት፤ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ብዙ ቀን ይበቃታል፣ ግን ሩብ ሩቡን ከገዛች በየቀኑ ሱቅ መሄጃ ምክንያት ታገኛለች። ባለሱቁ ከእነ መነጽሩ ይቀበላታል፤ "እትዬ፣ ዛሬስ ምን ሰፉ?" ይላታል፤ እሷም ትነግረዋለች። ያቺ የሱቅ ደጃፍ ወሬ ነበረች ቀኑን ቀን የምታሰኘው። የቀረው ጊዜ የማሽን ድምፅ ነው።

አንድ ነገር ግን ዓይኗን ይወጋው ነበር። ስኳር የምታስቀምጥበት የቆርቆሮ ጣሳ በባሏ ጊዜ እስከ አፉ ግጥም ይል ነበር፤ ክዳኑን ስትጭን ስኳሩ ሲጮህ ትሰማለች። አሁን አንድ ኪሎ ስትገለብጥበት ከአፉ አንድ ጣት ይወርዳል። ምናልባት እጄ ላይ እየፈሰሰ ይሆናል አለች። ምናልባት ጉንዳን ይሆናል አለች። ሰው ብቻውን ሲሆን ጥፋቱን ሁሉ ከራሱ ይጀምራል።

አንድ ቀን ሱቁ የሚዘገን ስኳር አልቆበት ባለሱቁ በፋብሪካ የታሸገ ኪሎ ሰጣት። እቤት ገብታ ቀደደችና ገለበጠችው። ጣሳው ግጥም አለ። ክዳኑን ስትጭነው ስኳሩ ጮኸ።

ከጣሳው ጋር እንደ ሰው ተፋጥጣ ቆመች።

ወዲያው ግን አላመነችም፤ እስከዚህ ድረስ ያጽናናትን ሰው በአንድ ጣት ስኳር መክሰስ ደስ አይልም። ከልብስ መስቀያዎቿ ውስጥ ቀጥ ያለውን የእንጨት መስቀያ መርጣ መሐሉን በክር አስራ የበሩ መቃን ምስማር ላይ አንጠለጠለችው። ከአንድ ገበር ጨርቅ እኩል የሆኑ ሁለት ከረጢቶች ሰፍታ ግራና ቀኝ ሰቀለች። ባዶውን ቀጥ ብሎ እስኪቆም ክሩን ወዲህና ወዲያ አደረገች። ባዶውን ዜሮ ላይ ይቁም። ይህን ማን እንዳላት ስታስታውስ ክሩን ደግማ አጠበቀችው፤ በእንቅልፍ መሐል ሰምታው እንደነበር አታውቅም ነበር።

ከሌላ ሠፈር ከሁለት ሱቅ ሁለት የታሸገ የኪሎ ጨው ገዝታ ነበር። አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ስታደርግ መስቀያው ቀጥ አለ። እነሱ ተስማምተዋል ማለት ነው። ከዚያ አንዱን ጨው አውጥታ በቦታው ከባለሱቁ ያመጣችውን የኪሎ ምስር አስገባች። ጨዉ ቁልቁል ወረደ። ምስሩ ሽቅብ ሄደ። ከረጢቶቹን አለዋወጠቻቸው፤ ጨዉ አሁንም ወረደ።

የከፋት ምስሩ አይደለም። አንድ እፍኝ ምስር ሴት አይገድልም። የከፋት ሌላ ነበር። ባሌ እያለ ጣሳው ሙሉ ነበር፤ ባሌ ሲሞት ጎደለ። ሰው ሞቶብኝ፣ ብቻዬን ስቀር፣ አላዋቂ መሆኔን አይቶ፣ እያጽናናኝ ዘገነብኝ። ከእያንዳንዷ "እትዬ" ጋር አንድ እፍኝ ሄዷል። እንዲህ አሰበች፤ ያን ቀን ማሽኗን አልነካችም።

ከዚያ ወዲያ ሱቁ ጋ መሄድ ተወች። ዋናው መንገድ ላይ ካለው ትልቅ መደብር ትገዛ ጀመር። እዚያ ሚዛኑ ቁጥሩን ለገዢው ያበራል፤ ባዶውን ዜሮ ነው፤ ማንም እጁን አያሳርፍበትም። እቤት ገብታ በመስቀያዋ ስትፈትነው ልክ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ዕቃውን እየጎተተች ታሳልፋለች፣ ወረቀት ቆርጣ ትሰጣለች፣ "ቀጣይ" ትላለች። ቀና አትልም። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ "ዛሬ ብርድ ነው" ብላት ነበር። ልጅቷ "ከረጢት ይፈልጋሉ?" አለቻት።

እሁድ ልጇ ስትደውል "እማዬ፣ ድምፅሽ ምን ሆነ? ጉንፋን ነው?" አለቻት።

"ትንሽ ይዞኛል" አለች። ጉንፋን አልያዛትም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አንድም ቃል ስላልወጣት ጉሮሮዋ ዝጎ ነው። ይህን ግን እንዴት አድርጎ ለልጅ ይነገራል።

የባለሱቁ ደጅ ከመስኮቷ ይታያል። ጎረቤቷ ያለች ወጣት፣ በቅርቡ የወለደች፣ ሕፃኗን አዝላ ከዚያ ሩዝና ስኳር ስትገዛ ታያታለች። ባለሱቁ ለሕፃኗም ይስቅላታል። ልብስ ሰፊዋ ክር መርፌ ውስጥ ልታስገባ ትሞክራለች፣ ዓይኗ ወደዚያ ይሄዳል፣ ክሩ ይስታል። ብትናገር ወሬ የሚያወራትን አንድ ሰው ታጣለች፤ ግን አሁንስ መቼ አላት? ባትናገር ደግሞ ያቺ ልጅ ነገም ትሄዳለች። ነገሩን ስታገላብጠው ሰነበተችና አንድ ጠዋት፣ ደጁ ላይ ሰው አለመኖሩን አይታ፣ የታሸገውን ጨው ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተሻገረች።

"እትዬ፣ ጠፉብን እኮ" አላት ባለሱቁ። ከልቡ ደስ ያለው ይመስላል። "አመምዎት እንዴ? ልጠይቅዎት ስል ስል..."

"ደህና ነኝ። አንድ ኪሎ ምስር መዝንልኝ። ከዚያ በፊት ግን ይህን አስቀምጥልኝ።"

ጨዉን ባንኮኒው ላይ አደረገችው። ባለሱቁ ጨዉን አየ፣ እሷን አየ።

"ይሄ ምን ይመዘናል? ታሽጎ የመጣ ነው።"

"ታሽጎ ስለመጣ ነው እኮ። ደግሞም ሚዛኑን ወደ እኔ አዙረው።"

ሚዛኑ ክብ ፊት ያለው፣ መርፌ የሚዞርበት ዓይነት ነው፤ ሁልጊዜ ፊቱ ወደ መደርደሪያው ዞሮ፣ በከረሜላ ጠርሙስ ተከልሎ ነው የሚቆመው። ባለሱቁ ጠርሙሱን አነሳ። ሚዛኑን አዞረ። ጨዉን ሲያስቀምጠው መርፌው ዞረና አንድን አልፎ፣ ትንሽ ተንቀጥቅጦ፣ ወደ ፊት ሄዶ ቆመ።

"ጨዉ ወፈረ" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ሚዛኑ አርጅቷል፣ እትዬ።"

"ያረጀ ሚዛን አንዳንዴ ለገዢም ይሳሳታል። ያንተ ግን ሲሳሳት ሁልጊዜ ወዳንተ ነው።"

ባለሱቁ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ፣ ጠረገ፣ መልሶ ሰቀለው። ይክዳል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ይቆጣል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ወለሉን እያየ "ጋሼ ሊትር ያውቁ ነበር" አለ።

"ምን አልክ?"

"ገና ከመኪናው እንደወረዱ ሰሞን ነው። ስኳር ሊገዙ መጡ። ሚዛኑን ራሳቸው አዞሩት፤ ሳህኑን በጣታቸው ነካ አደረጉትና ሳቁ። 'አንድ ኪሎ ስጠኝ፤ የጎደለችውን እፍኝ ጨምርና የእሷንም እከፍልሃለሁ' አሉኝ። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ በወደድኩ። 'ጋሼ፣ ዛሬውኑ ላስተካክለው' ብል እምቢ አሉኝ።"

"ለምን እምቢ ይላል? እሱ በአንድ ሊትር ናፍጣ ማደያ የሚያስዘጋ ሰው ነው።"

"እኔም ይህንኑ ጠየቅኳቸው። 'ካስተካከልከው እኔ ገዢ ነኝ፤ ገዝቼ እሄዳለሁ። ካላስተካከልከው ግን ከደጅህ አታባርረኝም' አሉኝ። ከዚያ ያችን ወንበር ራሳቸው ከቤት ይዘው መጥተው ተቀመጡ። በቀልድ ይሁን በምር፣ እትዬ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም።"

ልብስ ሰፊዋ ባንኮኒውን ያዘች። ውሸት ሊሆን ይችላል። ሙት አይጠየቅም፤ ሌባ ደግሞ ምስክር ሲያጣ ከመቃብር ይጠራል። ግን ጣሳው ሙሉ የነበረው ለምን እንደሆነ እነሆ ገባት፤ "አንድ ኪሎና እፍኝ"። ይህን ባለሱቁ ሊፈጥረው አይችልም፣ ጣሳዋን አያውቀውም።

ልትጠይቀው ያሰበችው ሌላ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ይህ ነው፦ "ምን ታወሩ ነበር?"

"ኧረ ስንቱን። ስለ መንገዱ፣ ስለ ድልድዮቹ፣ ገደል ስለሚያስገቡት መታጠፊያዎች። ስለ ልጅዎ። ስለ እርስዎም።"

"ስለ እኔ ምን ይል ነበር?"

"'ሚስቴ ሥራ ይዛለች፤ ስፌቷ ያልቅና እናወራለን' ይሉ ነበር።"

ከመንገድ ላይ አንድ መኪና አለፈ። ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ ተንቀጫቀጩና ጸጥ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ዘጋች፣ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋች። በእሷ ቤት ውስጥ ብቻውን የሆነ ሰው ከእሷ በፊትም ነበረ ማለት ነው። እሷ እስፒል አፏ ውስጥ ይዛ "እም" ስትለው፣ እሱ ወጥቶ፣ ልኩን እያወቀ፣ ለሚያዋራው ሰው የጎደለ ሚዛን ይከፍል ነበር።

"እሱ ለወንበሩ ከፈለ" አለች በመጨረሻ። "ዋጋውን አውቆ፣ ወዶ ከፈለ። እኔን ግን አልጠየቅከኝም።"

"ከእንግዲህ ለእርስዎ አይጎድልም። በሞተ አባቴ።"

"ለእኔ ብቻ ከሆነ ተወው። ያቺ ሕፃን ያዘለችውስ? እሷ ደጅህ ላይ የምትቀመጥበት ጊዜ የላትም፤ ለምንድነው የምትከፍለው?"

ልብስ ሰፊዋ ምስሩንም ሳትወስድ ጨዉን ይዛ ወጣች።

ለዚያች ወጣት ነገረቻት። በሐሜት መልክ አይደለም፤ "የገዛሽውን አምጪና እንመዝን" ብላ መስቀያውን አሳየቻት። ወጣቷ ለእህቷ፣ እህቷ ለእናቷ አለች፤ እነሱም ሽንኩርትና ሩዛቸውን ይዘው መጡ። ለጥቂት ሳምንታት የልብስ ሰፊዋ በር ተዘግቶ አያውቅም ነበር። ሻይ ታፈላለች፣ ከረጢት ትሰቅላለች። ባሏ በመኪናው ውስጥ ያስተማራትን ታስተምራለች፦ ወሬ ሲያመጡላችሁ ቁጥሩን እዩ፤ ሳህኑ ላይ እጅ አታስነኩ፤ ልኩን የምታውቁት አንድ ነገር ይኑራችሁ። ባጃጅ የሚነዳ አንድ ጎረቤት ስለ ቤንዚን ሊጠይቃት መጣና የጀሪካኑን ነገር ነገረችው። "በገንዘብ አትጠይቅ፤ ወርደህ ዜሮውን ሳታይ አታስቀዳ" አለችው። እሱም "እማማ፣ ከየት ተማሩት?" አላት። "ከሾፌር" አለችው። በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሰው ቤቷ ገብቶ አያውቅም፤ ሲስቁ ማሽኗ እንኳ አይሰማም።

ከዚያ ባለሱቁ አዲስ ሚዛን ገዛ። ቁጥሩ ከሁለት በኩል የሚያበራ ነው፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ ለገዢ። ሰዎቹ የመጀመሪያ ሰሞን እያመጡ መዘኑ፤ ልክ ነው። ሁለተኛም መዘኑ፤ ልክ ነው። ከዚያ ምን ሊያደርጉ ይመጣሉ? ሰው ሥራ አለው፣ ልጅ አለው። አንድ በአንድ ቀሩ። ወጣቷም ሕፃኗ መሄድ ስትጀምር ከቤት መውጫ አጣች። መስቀያው ጥቂት ጊዜ ተንጠልጥሎ ሰነበተ፤ ኋላ ልብስ ሰፊዋ ኮት ሰቀለችበት።

ትልቁ መደብር ሩቅ ነውና ጉልበቷ ሲደክም ወደ ባለሱቁ ተመለሰች። አሁን ሙሉ ኪሎ ነው የምትገዛው። እሱም መዝኖ፣ ቁጥሩን በጣቱ አሳይቶ፣ ቋጥሮ ይሰጣታል። "እትዬ" ይላታል፤ ከዚያ ያለፈ አይልም። ዛሬ ምን ሰፉ አይላትም። ዓይኑ ሚዛኑ ላይ ነው፤ ለእሷ ሲመዝን እጁን ከሳህኑ አርቆ፣ እንደተፈተነ ተማሪ ነው የሚቆመው። ልኳን ታገኛለች። ልኳን ብቻ።

አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ ማሽኗን ታቆምና እጇን ጨርቁ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። የምትናገረው ነገር ይኖራታል፤ ስለ ኮረብታዎቹ፣ መኪናው ውስጥ አንቀላፍታ ስላመለጣት መንገድ። ስፌቷ አልቋል፤ ጊዜ አላት። እሁድ ለልጇ ልትነግራት ትጀምራለች፤ ስልኩ ግን አጭር ነው።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ሩዝ እየመዘነላት ሳለ ዶፉ ወረደ። ቆርቆሮው እስኪደነቁር ጮኸ፤ መንገዱ ወዲያው ቡናማ ውሃ ሆነ። ባለሱቁ ከረጢቱን ቋጥሮ ሰጣት፣ መልሷን ሰጣት፣ ከእሷ አሻግሮ ዝናቡን አየ።

"ዛሬ የሚያባራ አይመስልም" አለ።

"አይመስልም" አለች።

ቤቷ ከዚያ ተጠርቶ የሚሰማበት ቦታ ነው፤ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ብትሮጥ ትደርሳለች። እሷ ግን ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችና እስኪያባራ ድረስ ቆመች።